በ66ቱ አብዮት ላይ ተከታታይ ድራማ ለመጻፍ፦ ከባዶ ወረቀት እስከ መጀመሪያው ንባብ

«ስለ 66ቱ አብዮት የቴሌቪዥን ድራማ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ባብዛኛው ወጣቶች ናቸው። ዘመኑን አላዩትም። ከአያት፣ ከአጎት፣ ከጎረቤት ቁርጥራጭ ወሬ ሰምተው ልባቸው ተነክቷል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንድ ቦታ ላይ ሰብስቤ ልጻፈው አልኩ።

መመሪያው ስምንት ክፍል ያለው አንድ ምዕራፍ እንደምትጽፉ አስቦ የተዘጋጀ ነው። ቀረጻውንና ኤዲቲንጉን አይመለከትም። ሁሉም ነገር ወረቀት ላይ የሚያልቅበትን ደረጃ ብቻ ነው የማሳያችሁ። ወረቀት ላይ የተበላሸ ነገር ካሜራ ፊት አይቃናምና።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ደብተር። አንዱ ለቀን ሰሌዳ፣ ሌላው ለቃለ መጠይቅ። አትቀላቅሏቸው።
- የኢትዮጵያንና የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ የ1966 እና የ1967 ዓ.ም. መቁጠሪያ። የሳምንቱ ዕለትና የአጽዋማት ቀን ያለበት መሆን አለበት።
- የዘመኑ ጋዜጦች። አዲስ ዘመንን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።
- የ1966 እና የ1967 ነጋሪት ጋዜጣ። የአዋጆቹ ትክክለኛ ቃል የሚገኘው እዚያ ነው።
- ድምፅ መቅጃ። ስልካችሁ ይበቃል።
- ትናንሽ ካርዶችና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ።
- ከ1960 እስከ 1967 የተነሱ የቤተሰብ ፎቶግራፎች። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ፣ ማንኛውም።
- ያንን ጊዜ በአዋቂነት ያሳለፉ ቢያንስ አምስት ሰዎች። አምስቱም ከአንድ ወገን እንዳይሆኑ።

1. ጊዜውን ቆርጣችሁ ያዙ

መጀመሪያ ድራማው የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ወስኑ። ዓመት አይበቃም፤ ቀን ጻፉ።

የኔ ምክር ከጥር 1966 እስከ ሐምሌ 1967 ነው። በጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና የነበረው ጦር በምግብና በውሃ ችግር አመፀ። በሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። በእነዚህ አስራ ስምንት ወራት ገደማ ውስጥ ንጉሥ ወረደ፣ መሬት ለአራሹ ሆነ፣ ተማሪው ዘመተ፣ ቤት ተወረሰ። ለስምንት ክፍል ከበቂ በላይ ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። ብዙ ጀማሪ ከየካቲት 66 ተነስቶ ቀይ ሽብርን ጨርሶ 1983 ላይ መድረስ ይፈልጋል። እንዲህ ሲሆን ሰዎቹ መኖር ያቆማሉ፤ ከክስተት ወደ ክስተት መሮጥ ብቻ ይሆናል። ቀይ ሽብር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይፈልጋል። በመጨረሻው ክፍል የመጨረሻ አስር ደቂቃ ውስጥ ለመጠቅጠቅ አትሞክሩ። እንዲያ ማድረግ በዚያ ዘመን የሞቱትንም የተረፉትንም ያሳንሳል።

2. የቀን ሰሌዳ ሥሩ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው። ግን ሥራውን ሁሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ስጡት።

በደብተሩ ላይ ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ የኢትዮጵያ ቀን፣ የፈረንጅ ቀን፣ የሳምንቱ ዕለት፣ ጾም ወይስ ፍስክ፣ በአደባባይ የሆነው፣ በድራማው ቤት የሆነው። የመጨረሻውን ዓምድ ለጊዜው ባዶ ተዉት። ቀሪዎቹን ከነዚህ ተነስታችሁ ሙሉ፦

- የካቲት 11፣ 1966 (ሰኞ)፦ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ አድማ መቱ። በዚያው ቀን መምህራንም «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ።
- የካቲት 20 እና 21፦ የጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።
- የካቲት 28፦ የሠራተኛ ማኅበራቱ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ።
- ሚያዝያ 12፦ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው አዲስ አበባ ላይ ታላቅ ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል።
- ሰኔ 21፦ ኋላ ደርግ የተባለው የጦር ኃይሎች አስተባባሪ ኮሚቴ በ4ኛ ክፍለ ጦር ግቢ ተቋቋመ።
- ሐምሌ 15፦ ልጅ እንዳልካቸው ተነሱ፤ ልጅ ሚካኤል እምሩ ተተኩ።
- መስከረም 1፣ 1967 (ረቡዕ)፦ የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያነጻጸረ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ።
- መስከረም 2 (ሐሙስ)፦ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ።
- ኅዳር 14 (ቅዳሜ)፦ ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም ሞቱ፤ በዚያው ሌሊት የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ተረሸኑ።
- ታኅሣሥ 12፦ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን የዘመቱበት ነው።
- የካቲት 25፦ የገጠር መሬት አዋጅ።
- ሐምሌ 19፦ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ።

አሁን ወደ አራተኛው ዓምድ እንሂድ። ሰዎች የሚያልፉት እሱን ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 6 ስለዋለ ሁዳዴ የገባው በዚያው ሰኞ ነው። እንግዲህ አስቡት። ባለታክሲው መኪናውን አቁሞ ቤት ውሏል። መምህሯም ቤት ውላለች። ምጣድ ላይ ሽሮ አለ። ቅበላው ትናንት አልቋል። ይህን ትዕይንት ማንም ሊፈጥርላችሁ አይችልም፤ መቁጠሪያው በነፃ ሰጣችሁ። አንድ የተላከልኝ ረቂቅ ግን በዚያ ምሽት ለክርስቲያን ቤተሰብ ጥብስ አቅርቦ ነበር።

መስከረም 1 ቀን 1967ም እንደዚሁ ነው። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። ጾሙን በሚያጠብቅ የኦርቶዶክስ ቤት ዶሮው የሚበላው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ደግሞ ንጉሡ የወረዱበት ቀን ነው። ዶሮው ማዕድ ላይ ቀርቦ ሬዲዮው ሲናገር ይታያችኋል?

ጥንቃቄ፦ በፈረንጅ አቆጣጠር ከየካቲቱ አድማ እስከ ኅዳሩ ግድያ ያለው ሁሉ 1974 ነው። በኛ ግን መስከረም ላይ ዓመቱ ይቀየራል። «የ66ቱ አብዮት» ስለሚባል ብቻ ንጉሡ በ1966 ወረዱ ብለው የሚጽፉ አሉ። የወረዱት በአዲሱ ዓመት በሁለተኛው ቀን፣ በ1967 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት መሆኑን የሰሌዳው አናት ላይ በቀይ ጻፉት። ከውጭ መጽሐፍ የምትቀዱትን ሰዓትም ስድስት ሰዓት መቀነስ አትርሱ።

3. አንድ ቤት ምረጡ

ቤተ መንግሥቱን ለጊዜው እርሱት። ድራማው የሚኖርበት አንድ ተራ ቤት ያስፈልጋችኋል። ቤቱን ስትመርጡ የቀን ሰሌዳውን ፊታችሁ ዘርግታችሁ «ይህ ቀን ማንን በቀጥታ ይነካል?» ብላችሁ ጠይቁ።

በምሳሌ ላሳያችሁ። አባት ሴይቼንቶ (ፊያት 600) ታክሲ ይነዳል። እናት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። የካቲት 11 ሁለቱንም በአንድ ቀን ይመታቸዋል። የእናት ታናሽ ወንድም ነገሌ ቦረና ያለ ወታደር ነው። ትልቋ ልጅ 12ኛ ክፍል ናት፤ ዘመቻው ከከፍተኛ ትምህርት ሌላ 11ኛና 12ኛ ክፍልን ስለጠራ ታኅሣሥ ላይ ትሄዳለች። የአባት እህት ሦስት ቤት ያላት፣ በአንዱ ኖራ ሁለቱን የምታከራይ ባልቴት ናት። ሐምሌ 1967 ሁለቱ ቤቶቿ ይወረሳሉ። ገጠር ደግሞ የጭሰኛ መሬት ያላቸው አያት አሉ። የካቲት 25 ለእሳቸው ነው።

ምን እንደተፈጠረ አያችሁ? ማንም ሰው ሳይሰበክ የታሪኩ ዋና ዋና ቀኖች ሁሉ በአንድ ማዕድ ዙሪያ አለፉ። ከሁሉም በላይ ቤተሰቡ ራሱ ተከፈለ። ልጅቱ «መሬት ላራሹ» ስትል የምትናገረው ስለ አያቷ መሬት ነው። የአክስቷ ቤት ኪራይ ደብተር ገዝቶላታል። እዚህ ላይ ክፉና ደግ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። ግጭቱ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ከስድስት ዋና ገጸ ባሕርይ አትለፉ። ሰባተኛውን ስትጨምሩ ከስድስቱ አንዱ ዝም ማለት ይጀምራል።

4. የዘመኑን ሰዎች አነጋግሩ

ቡና ይፈላ። አትቸኩሉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ እየቀዳችሁ መሆኑን ንገሯቸው፤ ፈቃዳቸውንም በድምፅ ተቀበሉ።

«አብዮቱን እንዴት አዩት?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህን ከጠየቃችሁ ካነበቡት መጽሐፍ ይነግሯችኋል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦

- ያን ዓመት የት ሰፈር ነበር የምትኖሩት? ሬዲዮኑ ከቤቱ የት ነበር የሚቀመጠው? የሚነካካውስ ማን ነበር?
- ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ማን ነበር? ልጆች እንዲገቡ ይፈቀድ ነበር?
- መስከረም 2 ቀን ምን ለብሰው ነበር? ወሬውን ማን ነገረዎት?
- በዚያ ሰሞን ከማን ጋር መነጋገር አቆሙ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ጠብቃችሁ ጠይቁ። የድራማችሁ ልብ የሚወጣው ከሱ ነው። ዕቃና ልብስ መጠየቅ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰው ሐሳቡን በኋላ ባወቀው ነገር ይለውጠዋል፤ ሬዲዮኑ የት እንደነበረ ግን አይለውጥም።

ጥንቃቄ፦ በዚያ ዘመን ልጅ፣ ባል፣ ወንድም ያጣ ሰው ፊት ተቀምጣችኋል። ስለ ሞት እናንተ አታንሱ። እሳቸው ካነሱ ስሟቸው እንጂ ዝርዝር አትጎትቱ። ዕንባ ከመጣ መቅጃውን አጥፉ። የነገሯችሁን ታሪክ እንዳለ ወስዳችሁ ድራማ ላይ አታውጡ፤ መንደሩ ያውቀዋል። ቦታውን፣ ሥራውን፣ ዝምድናውን ለውጡ። ተመልሳችሁም ሄዳችሁ «እንዲህ አድርጌ ልጠቀምበት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጋዜጦቹንም በዚሁ መንገድ አንብቡ። ዋና ርዕሱን ሁሉም ያነበዋል። እናንተ ከማስታወቂያው ጀምሩ። የሲኒማ ፕሮግራም፣ የጠፋ ሰው፣ የሚሸጥ መኪና፣ የሐራጅ ማስታወቂያ። የሰው ኑሮ ያለው እዚያ ነው።

5. ነገን ከገጸ ባሕርዮቻችሁ ደብቁ

በሚላኩልኝ ረቂቆች ውስጥ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ሁሉም ሰው ነቢይ ነው። የካቲት ላይ የቆመ ባለታክሲ «ይህ መንግሥት ይወድቃል፤ ወታደር ይነግሣል፤ ደም ይፈሳል» ይላል። በእውነቱ ግን የካቲት 1966 ላይ መስከረምን ያየ ተራ ሰው አልነበረም። የካቲት 21 አዲስ ካቢኔ ሲሾም «በቃ፣ ነገሩ በረደ» ያለ ሰው ሞኝ አልነበረም። ባየው ልክ ነው የፈረደው።

ለያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ሉህ አዘጋጁ። ለያንዳንዱ ክፍል አራት ነገር ሙሉ፦

ሀ. እስከ ዛሬ ምን ሰምቷል?
ለ. ከማን ሰማው? ከሬዲዮ፣ ከጋዜጣ፣ ከጠላ ቤት፣ ከደብዳቤ?
ሐ. ነገ ምን ይሆናል ብሎ ያስባል?
መ. የተሳሳተው የቱ ላይ ነው?

«መ» ባዶ ከሆነ ትዕይንቱ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰው በያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንድ ነገር መሳሳት አለበት። ተመልካቹ መጨረሻውን ያውቃል። ሰውየው አያውቅም። ድራማውን የሚይዘው በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። አክስትየው ሐምሌ 1966 ላይ ሦስተኛውን ቤት ለማስጠገን ዕቁቧን ስታወጣ ተመልካቹ «ተይ!» ማለት ያምረዋል። ያ ስሜት በምንም ንግግር አይገዛም።

«ለ» ደግሞ ከሌላ ስህተት ያድናችኋል። የነገሌው አመፅ ወሬ የተሻገረው በጦሩ የመገናኛ ሬዲዮ ነው። መምህርቷ በማግስቱ ከጋዜጣ ልታነበው አትችልም። ወንድሟ ደብዳቤ ካልላከ ወይም ፈቃድ የመጣ ጓደኛው ካልነገራት አታውቅም። ደብዳቤው የሚዘገይባቸው ሳምንታት ራሳቸው ታሪክ ናቸው። የአስተባባሪ ኮሚቴውም አባላት ስም ያን ክረምት በሕዝብ ዘንድ አይታወቅም ነበር። ሰው የሚያወራው ስለ «ወታደሮቹ» ነው።

6. የእውነተኛ ሰዎችን ድርሻ ወስኑ

ንጉሠ ነገሥቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ፣ የደርግ መኮንኖች በድራማው ይኖራሉ። ግን ከሩቅ ይሁኑ። በሬዲዮ ድምፅ፣ በፎቶ፣ በሚያልፍ መኪና። በግላቸው የተናገሩትን ቃል አትፍጠሩ። አፋቸው ውስጥ የምታስገቡት በአዋጅ ወይም በታተመ ንግግር የተመዘገበውን ብቻ ይሁን።

ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ቤተሰቦቻቸው አሉ፤ ያላሉትን ማስባል ክስም ቅያሜም ያመጣል። ሁለተኛ፣ ተዋናይ ንጉሡን ሲመስል ተመልካች የሚያየው መመሳሰሉን ነው። «አፍንጫው አልመጣም» ይላል። ታሪኩ ያመልጠዋል።

ኅዳር 14ን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለ። ግድያውን አታሳዩ። ቤቱን አሳዩ። እሁድ ጠዋት ነው፣ ሬዲዮ ስም እየጠራ ነው፣ አባት ቆሞ ይሰማል፣ እናት የልጇን ጆሮ ትሸፍናለች። ስሞቹን ራሳቸውን ማስነበብ አያስፈልግም። ድምፁን ዝቅ አድርጉና ፊቶቹን ያዙ።

7. ክፍሎቹን በካርድ ደርድሩ

ለያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ካርድ። የአደባባዩን በቀይ፣ የቤቱን በሰማያዊ፣ ሁለቱ የሚገናኙበትን በጥቁር ጻፉ። መሬት ላይ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ቀዩ ከበዛ ዜና እየጻፋችሁ ነው። ሰማያዊው ብቻ ከሆነ ታሪኩ በየትኛውም ዓመት ሊሆን ይችላል። በያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ ሁለት ጥቁር ካርድ ይኑር።

ስምንቱ ክፍሎች ለምሳሌው ቤት እንዲህ ሊደረደሩ ይችላሉ፦ የነገሌው ደብዳቤ፤ የሁዳዴው ሰኞ፤ ካቢኔው የወረደበት ሰሞን፤ ሚያዝያና ከጎረቤት ጋር የሚወጣው ሰልፍ፤ ዝናባማው ክረምት፤ እንቁጣጣሽና ማግስቱ፤ ከኅዳር እስከ ዘመቻው ሽኝት፤ የመሬቱና የቤቱ አዋጅ። አምስተኛው ላይ ልብ በሉ። በክረምቱ ባለሥልጣናት አንድ በአንድ እየተያዙ ነበር፤ በቤቱ ግን ምንም ላይሆን ይችላል። ዝም ያለ ክፍል አትፍሩ።

8. ምልልሱን ጻፉ

ዘመኑን ለማስረዳት ብላችሁ ሰውን ዜና አንባቢ አታድርጉት። ልዩነቱን እዩት።

የተበላሸው፦
— በዓለም ገበያ የነዳጅ ዋጋ ስለጨመረ እኛ ባለታክሲዎች ዛሬ አድማ መተናል።

የተሻለው፦
— ቁልፉን የት አደረግሽው?
— ዛሬ አልወጣም አላልክም?
— አልወጣም። ላሙቃት ብዬ ነው።

በሁለተኛው ውስጥ አድማው አለ፣ የሰውየው ሐሳብ መከፈል አለ፣ ሚስቱ እንደነቃችበትም አለ።

የአጠራር ነገር ትልቅ ነው። ልጅቱ አባቷን «አንቱ» ትለዋለች ወይስ «አንተ»? ወታደሩ አጎትስ ታላቅ እህቱን ምን ይላታል? ለያንዳንዱ ጥንድ በሉሁ ላይ ጻፉትና እስከ መጨረሻው ጠብቁት። ከዘመቻ የተመለሰች ልጅ አጠራሯን ከቀየረች ያ ብቻውን አንድ ትዕይንት ነው።

ቃላቱንም በቀኑ ልክ አውጡ፦

- «ጓድ» መግነን የጀመረው ሶሻሊዝም በታኅሣሥ 1967 ከታወጀ በኋላ ነው። የካቲት 66 ላይ ባለታክሲ ባለታክሲን ጓድ አይለውም።
- «ቀበሌ ሄጄ መታወቂያ ላውጣ» የሚል ሰው በ1966 የለም። የከተማ ቀበሌ ማኅበራት የተቋቋሙት በሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ነው።
- መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚህ ጊዜ ሻለቃ ናቸው። «ኮሎኔል» በዚህ ምዕራፍ አይገባም።
- በ1966 ዩኒቨርሲቲው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። አደባባዩ መስቀል አደባባይ ነው፤ አብዮት አደባባይ የተባለው ኋላ ነው።
- ንጉሡ በሰው አፍ «ጃንሆይ» ናቸው። መስከረም 2 ማታ ሰው በአንድ ሌሊት አንደበቱን አይቀይርም። የሚንተባተብ ሰው ጻፉ።

9. ቦታና ቁሳቁስ ከስክሪፕቱ ጋር አብራችሁ አስቡ

«ይህ የዳይሬክተር ሥራ ነው» አትበሉ። ሊቀረጽ የማይችል ትዕይንት የጻፈው ጸሐፊው ነው። የድሮው አዲስ አበባ ብዙው ፈርሷል፤ ፒያሳና ካዛንቺስም ከዚሁ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሰፊ የመንገድ ትዕይንት አታብዙ። ሰልፉን ከቤት መስኮት፣ ከአጥር ቀዳዳ፣ በድምፅ ጻፉት። መንገድ ግድ ከሆነ የጎንደር ፒያሳን ወይም የድሬዳዋ ከዚራን የመሰሉ የቆዩ ሕንጻዎች ያሉባቸውን ሰፈሮች ተመልከቱ።

በየትዕይንቱ ግርጌ የሚታዩ ነገሮችን ዘርዝሩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ መርምሩ። ንጉሡ እስኪወርዱ የመንግሥቱ ባንዲራ ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳ አለ፤ የዛሬው ሰማያዊ ክብና ኮከብ አይደለም። ብሩ ላይ የንጉሡ ምስል አለ፤ የደርግ ብር የወጣው በ1969 ነው። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም ኢትዮጵያ የገባው በ1977 ዓ.ም. ገደማ ነው። በጣሪያው ላይ ዲሽ፣ በመንገዱ ላይ የዛሬው ኮብልስቶን፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ ታክሲ፣ የፕላስቲክ ወንበር አይኑር። ልብሱን ከቤተሰብ ፎቶ ቅዱ። ከሌላ ድራማ አትቅዱ፤ ያኛው ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱን ትወርሳላችሁ።

ጥንቃቄ፦ የወታደር ልብስና የመሣሪያ አምሳያ ያለበት ትዕይንት ከጻፋችሁ ለቀረጻው ከጸጥታ አካል የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰፈርተኛውም ቀድሞ ይነገረው። የዘመኑን ሙዚቃ ወይም የድሮ ቪዲዮ በስክሪፕቱ ስትጠቅሱ ባለመብቱን ጠይቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። «ድሮ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» የሚለው ሐሳብ አያስኬድም። ዘፈኑ ካልተፈቀደ የሚፈርስ ትዕይንት አትጻፉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ሁሉም ተማሪ ነው።* አብዮቱን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብቻ ማየት። ባለታክሲው፣ ፖሊሱ፣ ቄሱ፣ ሼኹ፣ የቤት ሠራተኛዋ የት ሄዱ?

*አንደኛው ወገን ሰይጣን ነው።* ባላባቱ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ አብዮተኛው ሁልጊዜ ያምራል። ወይም በተገላቢጦሽ። አያትየው መሬታቸውን ሲያጡ ማዘን የሚቻል ይሁን። ጭሰኛው ሲያገኝም መደሰት። ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ።

*ረሃቡ በፊልም ብቻ ይታያል።* ወሎ በመስከረም 1 ፊልም ውስጥ ብቻ ከገባ ጌጥ ሆኗል። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ከወሎ የመጣ አንድ ሰው በቤቱ ደጅ ይኑር። የቤቱ ሰዎችም አይተው እንዳላዩ ያልፉት። ፊልሙ በታየ ማታ ሊያፍሩ የሚችሉት ያኔ ነው።

*ተራኪ ድምፅ ይበዛል።* «ይህ የሆነው በ...» የሚል ድምፅ በያንዳንዱ ትዕይንት ከገባ ምልልሱ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ቀን በስክሪን ጽሑፍ ማሳየት ይበቃል።

10. ጮክ ብላችሁ አንብቡት

የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ስድስት ሰው ሰብስቡና ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በልምድ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ የአማርኛ ምልልስ ግን ሲነበብ ይረዝማልና ሰዓት ያዙ። ምላስ የሚያደናቅፈውን ዓረፍተ ነገር እዚያው ቁረጡ።

ካነጋገራችኋቸው ሰዎች ቢያንስ ሁለቱን ጋብዙ። የተለያየ ወገን የነበሩ ቢሆኑ ይመረጣል። ግን ፈቃዳቸውን ሳትጠይቁ አንድ ክፍል ውስጥ አታስቀምጧቸው። ሲነበብ ስክሪፕቱን ሳይሆን ፊታቸውን እዩ።

አንዳቸው «እንዲህ አልነበረም» ካሉ አትከራከሩ። «እንዴት ነበር?» በሉና ጻፉ። ማታ ወደ ቀን ሰሌዳው ተመለሱ። የተባለው ከሰሌዳው ጋር ከተጣላ ጋዜጣውን ድጋሚ አውጥታችሁ አመሳክሩ። ጋዜጣው እንደተባለው ከሆነ መጀመሪያ ሰሌዳውን፣ ቀጥሎ የገጸ ባሕርዩን ሉህ፣ በመጨረሻ ስክሪፕቱን አርሙ። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሄዳችሁ ሦስተኛው ክፍል ላይ ያረማችሁት ነገር ስድስተኛው ላይ ይጣላችኋል። ሁለተኛውን ክፍል መጻፍ የምትጀምሩት ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ነው።